ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ተስፋ ያደርግ፥ ምንስ ይፈራ ነበር? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስለ ተደረገው ጥናት

መግቢያ

ስለ ጦርነት የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ጦሩ ሲከት ይዠምርና ድሉ ሲበሠር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወዴት እንደ ሄደ፥ ምን ሠርቶ እንደ በላ፥ በጦር ሰፈር ሳለም ስለ ወደፊት ኑሮው ምን ያስብ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጄኔራሎች የሕይወት ታሪካቸውን ይጽፋሉ፤ የሚኒስትሮች ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ተራው ወታደር ግን ተስፋውንና ሥጋቱን በልቡ እንደ ያዘ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሲሞትም አብሮት ይቀበራል።

በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አንድ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የጦር ሚኒስቴር ከ500,000 የሚበልጡ ወታደሮችን ስለ ኑሯቸውና ስለ አሳባቸው በጽሑፍ አስጠየቀ። ከጥያቄዎቹም መካከል ብዙዎቹ ጦርነቱ ሲያልቅ ምን ልትሠራ ታስባለህ፥ የትስ ትኖራለህ፥ ምንስ ያሠጋሃል የሚሉ ነበሩ። እኛ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ወታደሮቹ የፈሩት ከየት የመጣ ፍርሃት ነው? የተናገሩት ተስፋ ከኋለኛው ኑሯቸው ጋር ተስማማ ወይስ አልተስማማም? መጠየቃቸውስ ለራሳቸው ምን ጠቀማቸው? አንባቢው እንዳይደናገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

የቀድሞው ትዝታ

የ1944 ዓ.ም. ወታደር ስለ መመለስ ሲያስብ በዐይኑ ፊት የነበረው የአባቶቹ መመለስ ነው። አሜሪካ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ አራት ሚሊዮን ያህል ወታደሮቿን ስታሰናብት ለእያንዳንዱ የሰጠችው 60 ዶላርና እስከ አገሩ የሚያደርሰው የባቡር መሳፈሪያ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ኮንግሬስ አንድ ሕግ አውጥቶ ወታደሩ በአገር ውስጥ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ቀን 1 ዶላር፥ በባሕር ማዶ ላገለገለበት ቀን ደግሞ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም እንዲታሰብለት ፈቀደ። ነገር ግን ለብዙዎቹ ገንዘቡ እንዲከፈል የተቀጠረው በ1945 ዓ.ም. ነበር። በመካከሉ ታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። በ1932 ዓ.ም. ከ15,000 የማያንሱ የቀድሞ ወታደሮች፥ ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን አስከትለው፥ ገንዘባችን አሁን ይከፈለን በማለት ወደ ዋሽንግተን ከተማ መጥተው ከወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ሐምሌ 28 ቀን 1932 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሁቨር ትእዛዝ በጄኔራል ዳግላስ ማክ አርተር የተመራ ጦር እግረኛ፥ ፈረሰኛና ታንክ ይዞ አባረራቸው፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ።

በ1933 ዓ.ም. ከአራት አሜሪካዊ ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር። በ1942 ዓ.ም. በ22 ዓመቱ የተመለመለ ወጣት በዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረ ማለት ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ለማየትም ለማስታወስም የሚበቃ ዕድሜ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፥ ይህ ወጣት በጦር ሰፈር ሆኖ ሲያስብ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ሥራ የተገኘው በጦርነቱ ምክንያት ነው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ታንክና አውሮፕላን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ይዘጋሉ፤ በዚያው ጊዜ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ወታደር ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይመለሳል። ይህ የመሀይም ሥጋት አልነበረም። የመንግሥቱ ባለሥልጣኖች ራሳቸው በ1945 ዓ.ም. የሥራ ፈቱ ቍጥር በሚከተለው ዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል ብለው ገምተው ነበር።

ሊቃውንቱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበራቸው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተ ሰብ ጥናት ሊቅ የነበሩት ዊላርድ ዎለር በ1944 ዓ.ም. ስለ ተመላሹ ወታደር ባሳተሙት መጽሐፍ፥ አገሩ በጊዜ ካላሰበበት ከጦር ሜዳ የሚመለሰው ሰው ለኅብረተ ሰቡ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። ስለዚህ ወታደሩ አገሩን ሲፈራ አገሩም ወታደሩን ይፈራ ነበር ማለት ይቻላል።

ጥያቄው እንዴት ተጠየቀ

ወታደርን አሳቡን መጠየቅ በጦር ሠራዊት ልማድ እንግዳ ነገር ነው። ወታደር ይታዘዛል እንጂ አይጠየቅም። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ስም የሌለበት አስተያየት የጦሩን ሥነ ሥርዓት ያበላሻል በማለት በ1941 ዓ.ም. በሠራዊቱ ውስጥ እንዲህ ያለው መጠይቅ እንዳይደረግ ከልክለው ነበር። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። የወታደሩን ሞራል እንዲመራ በተቋቋመው ክፍል ላይ የተሾሙት ፍሬዴሪክ ኦዝቦርን ከሲቪል ኑሮ የመጡ ሰው ስለ ነበሩ የምርምር ቅርንጫፍ እንዲቋቋም አደረጉ። ሥራውንም እንዲመሩ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሳሙኤል ስታውፈር ተጠሩ። የመጀመሪያው ጥናት የተዠመረው የፐርል ሃርበር ጥቃት በደረሰ ማግስት፥ ታኅሣሥ 8 ቀን 1941 ዓ.ም.፥ በሰሜን ካሮላይና በፎርት ብራግ በሰፈረው በ9ኛው ክፍለ ጦር ላይ ነበር።

አሠራሩ ለኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሆን ስለ ሆነ ባጭሩ እንገልጸዋለን። ከየክፍሉ በናሙና የተመረጡት ወታደሮች በጥቂት በጥቂቱ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። መኰንኖቻቸው እንዲወጡ ይደረጋል። የጥያቄውን ወረቀት የሚያድለውና የሚያስረዳው ከነሱው ማዕርግ የሆነ ወታደር ነው። ወታደሩ ስሙንና የመለያ ቍጥሩን እንዳይጽፍ ይነገረዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ለየብቻ በቃል ይጠየቃሉ። ጥቁሮቹን ወታደሮች ጥቁር ወታደር እንዲጠይቃቸው ተደረገ፤ ምክንያቱም ጥቁር ሰው ለነጭ ጠያቂ የሚሰጠው መልስ ለወገኑ ከሚሰጠው እንደሚለይ አጥኚዎቹ በፈተና ደርሰውበት ነበር።

ከብዙዎቹ መጠይቆች መጨረሻ ላይ ደግሞ ወታደሩ የፈለገውን እንዲጽፍ ባዶ ቦታ ይተውለት ነበር። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ላይ የብቅሉን ሥራ የሠራው ስም አለመጠየቁ ነው። ስለ ምግቡ፥ ስለ መኰንኖቹ፥ ስለ ሚስቱ፥ ስለ ሥራው፥ የሚሰናበትበት ቀን ስለ መራቁ እያንዳንዱ የልቡን ጻፈ። ወደ 65,000 ገጽ የሚደርሰው ይህ የእጅ ጽሑፍ በፊልም ተነሥቶ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። በቅርብ ዓመታትም በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ እያነበቡ ገልብጠውታል። ስታውፈርና ባልደረቦቻቸው ቍጥሩን በ1949 ዓ.ም. እና በ1950 ዓ.ም. በወጡት አራት ቅጾች አትመውታል። ከነዚህም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች «የአሜሪካው ወታደር» የሚል ስም አላቸው። ቍጥሩ ስንት ሰው ምን እንዳሰበ ሲነግረን፥ የእጅ ጽሑፉ ለምን እንዳሰበ ይነግረናል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ማን ቀድሞ ይሰናበት?

ወታደሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ነው የምሄደው?» ብሎ ነው። ጦርነቱ በአንድ ቀን ቢያልቅም ስምንት ሚሊዮን ሰው በአንድ ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስ አይችልም። መርከቡም አይበቃም፤ በድል የተያዘውን አገር የሚጠብቅ ጦርም ያስፈልጋል። ታዲያ ማን ይቅደም? ለአዛዦች የሚመቸው ክፍለ ጦሩን እንዳለ ማሰናበት ነበር። ለፋብሪካ ባለቤቶች የሚመቸው ሙያ ያለውን ማስቀደም ነበር። የጦር ሚኒስቴር ግን ጉዳዩን ለወታደሮቹ ራሳቸው አቀረበው። የምርምሩ ቅርንጫፍ ሁለት ዐይነት ወታደር እያወዳደረ ጠየቀ። አንዱ ያላገባ፥ ነገር ግን ረዥም ጊዜ በባሕር ማዶ የኖረ፤ ሌላው የልጆች አባት፥ ነገር ግን ከአገሩ ያልወጣ። ከሁለቱ ማን ቀድሞ ቢሄድ ፍትሕ ነው?

እንዲህ ባለው ጥያቄ የተገኘው መልስ በግንቦት 1945 ዓ.ም. የተገለጸው የነጥብ ሥርዓት መሠረት ሆነ። ለያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 1 ነጥብ፥ በባሕር ማዶ ለተቈጠረው ለያንዳንዱ ወር ተጨማሪ 1 ነጥብ፥ ለያንዳንዱ የዘመቻ ኮከብ ወይም ሜዳይ 5 ነጥብ፥ ለያንዳንዱ ልጅ እስከ ሦስት ልጅ ድረስ 12 ነጥብ ይሰጥ ነበር። 85 ነጥብ ያገኘ መሰናበት ይገባዋል። ለምሳሌ 40 ወር አገልግሎ ከዚህ ውስጥ 24ቱን ወር በባሕር ማዶ ያሳለፈ፥ ሦስት የዘመቻ ኮከብና አንድ ልጅ ያለው ወታደር 40 ሲደመር 24፥ ሲደመር 15፥ ሲደመር 12፥ ጠቅላላ 91 ነጥብ ስለሚሆንለት ይሄዳል። 30 ወር አገልግሎ 10 ወር ብቻ በባሕር ማዶ የቈየ፥ ሁለት ኮከብ ያለው ልጅ የሌለው ወታደር ግን 50 ነጥብ ይዞ ይቀራል። የቀረው ወታደር ቢያዝንም ለምን እንደ ቀረ በጣቱ ቈጥሮ ማወቅ ይችላል። ማንም ጌታ አማልዶ ሊያስወጣው፥ ማንም ጠላት ሊያስቀረው አይችልም። በኛ አስተያየት የሥርዓቱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቍጣ አልነበረም ማለት አይደለም። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ የሚፈለገው ነጥብ በየጊዜው ዝቅ ይል ዠመር፤ በጥር 1946 ዓ.ም. ግን ማሰናበቱ እንደሚዘገይ ሲነገር በማኒላ በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች ተሰልፈው ተቃወሙ፤ በፓሪስና በፍራንክፈርትም እንዲሁ ሆነ። የሚያስደንቀው ወታደሮቹ የተቈጡት ጦርነቱ በጸና ጊዜ ሳይሆን ሰላም ከሆነ በኋላ መሆኑ ነው። ስታውፈርና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ላለው ነገር በጥናታቸው መግለጫ ሰጥተዋል። ሰው በኑሮው የሚበሳጨው ጕድለቱ በራሱ ትልቅ ወይም ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ከማን ጋር እንደሚያወዳድርም ይወስነዋል። በውጊያ ጊዜ ወታደሩ ራሱን የሚያወዳድረው ከሞተው ጓዱ ጋር ነው፤ በሰላም ጊዜ ግን ቀድሞት ቤቱ ገብቶ ሥራ ከያዘው ጎረቤቱ ጋር ነው። ያም ሆነ ይህ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ጦር በ1946 ዓ.ም. እኩሌታ ላይ ከሁለት ሚሊዮን በታች ሆነ።

ሥራና ትምህርት፥ የተነገረው ተስፋና የተፈጸመው

ሰኔ 22 ቀን 1944 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባጭሩ «ጂ. አይ. ቢል» የተባለውን የወታደሮች መቋቋሚያ ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት ተመላሹ ወታደር ሥራ እስኪያገኝ እስከ 52 ሳምንት ድረስ በሳምንት 20 ዶላር ያገኛል። ትምህርት ቢፈልግ መንግሥት በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንለታል፤ ለቀለቡም ላላገባው በወር 50 ዶላር፥ ቤተ ሰብ ላለው 75 ዶላር ይሰጠዋል። ቤት፥ እርሻ ወይም ንግድ ለማቋቋም ቢበደርም እስከ 2,000 ዶላር መንግሥት ዋስ ይሆንለታል።

በዚያው ዓመት የምርምሩ ቅርንጫፍ ወታደሮቹን ስለ ወደፊት አሳባቸው ጠየቀ። የሚበዙት ያሰቡት በደመወዝ ተቀጥሮ መሥራትን ነበር። የራሴን ንግድ አቋቁማለሁ ያሉም፥ ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ ያሉም ነበሩ። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመሆን የቈረጠው ግን ከአሥር ሰው አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ መሪዎችም የሚመጣው ተማሪ ጥቂት መስሏቸው ነበር፤ የቺካጎው ሮበርት ሃቺንስና የሃርቫርዱ ጄምስ ኮናንት ደግሞ ሕጉ ያልተዘጋጀ ሰው ወደ ኮሌጅ በማስገባት የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል ብለው ሠጉ።

የሆነው ሌላ ነው። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮሌጆች ከተመዘገበው ተማሪ መካከል ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ ከመቶ 49ኙ፥ የቀድሞ ወታደር ነበር። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የትምህርት ዕርዳታ እስኪያበቃ ድረስ 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተጠቀሙበት፤ ከነዚህም 2.2 ሚሊዮን ያህሉ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ተማሩ። የቀሩት የእጅ ሙያ፥ እርሻና ልዩ ልዩ ሥራ ሠለጠኑ። ኮናንትም ኋላ ተመልሰው የቀድሞ ወታደሮቹን በትጋታቸውና በብስለታቸው አመሰገኗቸው። በሳምንት 20 ዶላር ለሥራ ፈት ተብሎ ከተመደበው ገንዘብ ግን ከአምስት እጅ አንዱ እንኳ ወጪ አልሆነም። 8 ሚሊዮን ይደርሳል የተባለው የሥራ ፈት ቍጥርም በ1946 ዓ.ም. ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆነ።

እንግዲህ ጥናቱ ተሳስቷል እንበል? ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ አይመስለንም። ወታደሩ በ1944 ዓ.ም. ሲጠየቅ ሕጉ ገና አዲስ ነበር። በመጀመሪያው አነጋገሩም ሲመለመል ዕድሜው ከ25 ዓመት ያለፈ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ለመማር ትምህርቱ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ተቋረጠበት ማስረዳት ነበረበት። ይህ ገደብ የተነሣውና የቀለቡ ገንዘብ ወደ 65 እና 90 ዶላር ከፍ ያለው በታኅሣሥ 1945 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ ነው። ደግሞም አባቱ የማዕድን ቈፋሪ ወይም ጭሰኛ የሆነ ወጣት ኮሌጅ ለመግባት እንዴት ያስባል? ሰው ተስፋ የሚያደርገው ሊደርስበት የሚችል መስሎ የታየውን ነው። በሩ ሲከፈት ተስፋውም ሰፋ። ስለዚህ በጥናቱ የተገኘው ቍጥር ወታደሩ ወደፊት ምን እንደሚያደርግ የተነገረ ትንቢት አይደለም፤ በዚያን ሰዓት ስንት በር ክፍት ሆኖ ይታየው እንደ ነበረ የሚያሳይ ምስክር ነው።

የጥቁሮቹ ወታደሮች ሥጋት

እስካሁን ያልነው ለሁሉም እኩል አልሠራም። በጦርነቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን በተለየ ክፍል አገልግለዋል። የምርምሩ ቅርንጫፍ እነሱንም ጠይቋል፤ ከጦርነቱ በኋላ መብታችሁ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ተብለው ሲጠየቁ ይጨምራል ያሉት ይቀንሳል ካሉት ይበዙ ነበር። ከደቡብ ክፍል ከመጡትም ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ላለመመለስና ወደ ሰሜን ለመሄድ አስበው ነበር። ይህ ምርጫ ራሱ የሚናገረው አለ። ሰው የተወለደበትን ቀዬ በከንቱ አይተውም።

ሥጋታቸው ባዶ እንዳልነበረ ወዲያው ታየ። የካቲት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. የሳጅንነት ማዕርግ የነበረው አይዛክ ዉዳርድ በጆርጂያ ከጦሩ በክብር በተሰናበተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፥ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ፥ በአውቶቡስ ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ በደቡብ ካሮላይና በአንድ የፖሊስ አዛዥ ተደብድቦ ሁለት ዐይኖቹ ጠፉ። አዛዡ ተከሶ ነጮች ብቻ በተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ነጻ ወጣ። ይህና ይህን የመሳሰለው ግፍ ፕሬዚዳንት ትሩማንን ከነኩት ጉዳዮች አንዱ ነበር፤ ሐምሌ 26 ቀን 1948 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ለሁሉም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ትእዛዝ አወጡ።

ሕጉም ቢሆን በጽሑፉ ጥቁርና ነጭ አይልም፤ ሥራውን የሚያስፈጽሙት ግን የየአገሩ ጽሕፈት ቤቶችና ባንኮች ነበሩ። መንግሥት ዋስ ይሁን እንጂ ብድሩን የሚሰጠው ባንኩ ነው። በ1947 ዓ.ም. በሚሲሲፒ 13 ከተሞች ውስጥ በዚህ ሕግ ዋስትና ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ጥቁሮቹ የቀድሞ ወታደሮች ያገኙት ሁለት ብቻ ነበር። ለነጩ ወታደር ሥጋቱን ያስወገደለት ሕግ ለጥቁሩ ጓዱ ሥጋቱን አረጋገጠለት ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ዐይነት የጥያቄ ወረቀት፥ በአንድ ዐይነት እርሳስ መልስ ሰጥተው ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ወታደሩ የፈራው ስለ ወደፊቱ ቢመስልም ፍርሃቱ ያለፈው ዘመን ልጅ ነበር። የ1932ቱንና የ1933ቱን ዓመት ያላወቀ የ1944ቱን መልስ ሊያነብ አይችልም። ይኸው ፍርሃት ሕግ አውጪዎቹን ስለ ነካቸው የፈሩት ነገር እንዳይደርስ በከፊል ረዳ። ሁለተኛ፥ የተነገረ ተስፋ የሚለካው በተጠየቀበት ሰዓት ባለው ዕድል ነው፤ ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊ መልሱን ከቀኑና ከሕጉ ለይቶ መጥቀስ አይገባውም። ሦስተኛ፥ መጠየቅ ለብቻው ፍትሕ አይደለም። ወታደሩ ማን ቀድሞ ይሂድ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በነጥብ ተቈጥሮ ተፈጸመለት፤ ጥቁሩ ወታደር መብትህስ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ተጽፎ ተቀመጠ። የጠያቂው ሥራ እስከዚህ ድረስ ነበር፤ የቀረው የመንግሥትና የኅብረተ ሰቡ ነበር።

የሆነ ሆኖ ተጽፎ መቀመጡም ዋጋ አለው። ስም የሌላቸው እነዚያ 65,000 ገጾች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ስለነዚህ ሰዎች የምናውቀው አዛዦቻቸው ስለነሱ የተናገሩትን ብቻ ይሆን ነበር። ተራ ሰው የሚያስበውን በራሱ ቃልና በጊዜው ጽፎ ማቈየት ለኋላ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም የምርምሩ ቅርንጫፍ ሥራ በግልጽ ያስረዳል።